ጉልበቴ ስንት ያወጣል?

ጥር 24፣ እሁድ ጠዋት 3፡20 ላይ ዱከም ውስጥ አንድ ሥጋ ቤት ፊት ለፊት ተንበርክኬ አስመለስኩ። ከመስቀል አደባባይ ተነስቼ 37 ኪሎ ሜትር ሮጬ ነበር። የግራ ጉልበቴ አልታጠፍም ብሏል፤ ባቴ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ገመድ ይጠመዘዛል፤ ሌሊት የጠጣሁት በሶ አስፋልቱ ዳር ፈሷል። ጓደኛዬ ከአባቷ ቪትዝ ወርዳ በአንድ እጇ ጀርባዬን እያሸች በሌላ እጇ ትቀርጸኛለች። "አትቅረጪኝ" ለማለት እንኳ አቅም አልነበረኝም።

ያ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ በሁለት ሰዓት ውስጥ 71,000 ብር አመጣ።

ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ ሰንጠረዥ ምናምን እየለጠፍኩ የሰበሰብኩት ሲደመር 58,200 ብር ነበር። ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት። ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ካየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነስተውኛል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ልምምድ የምሠራው ንጋት 11፡30 ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ከተማው የሁለት ዓይነት ሰዎች ነው፤ የሚሮጡና የሚተኙ። ለሥራ የሚወጣው ሰው ገና አልተነሳም። እኔ በምሮጥበት መስመር ትልቁ መንገድ ዳር ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ንጹሕና ብርሃን ሆኗል፤ ድሮ እዚያ ይተኙ የነበሩት ወደ ውስጥ ለውስጡ ገብተዋል። እኛ ሰፈር አንድ ባንክ አለ። የኤቲኤም ማሽኑ ያለበት ጥግ ላይ ጣሪያ ስላለው ጋሼ እዚያ ነበር የሚያድሩት። ከታች ካርቶን፣ ከላዩ ማዳበሪያ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ፣ ከሁሉም በላይ ላስቲክ።

መጀመሪያ ሰሞን እኔም እንደ ሰው ሁሉ ዓይኔን አስፋልት ላይ ተክዬ ነበር የማልፈው። አንድ ቀን ሁለት ውሾች ሲያባርሩኝ ጋሼ ከተኙበት ተነስተው በድንጋይ መለሱልኝ። "አንቺ ልጅ፣ ውሻ ሲመጣ ቀጥ ብሎ መቆም እንጂ መሮጥ ማን አስተማረሽ?" ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ተጀመረ። "ዛሬ ዘገየሽ"፣ "ትናንት የት ጠፋሽ?"፣ "ዛሬስ ትንፋሽሽ ጥሩ ነው።" እናቴ "በዚያ ጨለማ ብቻሽን" ብላ ስትጨነቅ እዚያ ጥግ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው እንዳለ ልነግራት አስቤ ተውኩት። ማን እንደሆነ ስትሰማ ይብስባት ነበር።

ጋሼ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ የአሰብ መንገድ። ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ መጠቀም ያቆመችው በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ነው፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። እሳቸው ግን መንገዱን እስከ ዛሬ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ ብለው አያውቁም)፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ እያሉ እስከ ባሕሩ። የት ፍሬን እንደሚያዝ፣ የት ሻይ እንደሚጠጣ ጭምር። በኋላ ዓይናቸው ደከመ፣ መሪውን ለቀቁ፣ ገቢው ሲቆም ኪራዩም ቆመ። "ለአንድ ወር ነው ብዬ ነው የወጣሁት" አሉኝ አንዴ። ስንት ዓመት እንደሆናቸው አልጠየቅኳቸውም።

ነሐሴ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ባደረ አንድ ጠዋት ጥጉ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ካርቶኑ ርሶ ተጣብቋል። የባንኩ ዘበኛ "ሳል ጠንቶባቸው ነበር፤ ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው" አለኝ። የት? እሱም በደንብ አያውቅም። ለአራት ቀን ያህል ያንን ጥግ ስደርስ ፍጥነት እጨምር ነበር። ለካ ስፈራ የነበረው ውሻውን ብቻ አልነበረም።

ያገኘኋቸው ከሰፈራችን ሁለት ታክሲ ርቆ፣ ጭቃ በጭቃ በሆነ ቅያስ ውስጥ ባለ አንድ መርጃ ማዕከል ነው። ስሙን አልጠቅስም። ምክንያቱን ወደ በኋላ ታገኙታላችሁ። ሁለት የኪራይ ቤት፣ 46 ሰው፣ አብዛኞቹ አረጋውያን፣ የተወሰኑት የአእምሮ ሕመም ያለባቸው። ሁላችንም የምናውቀው መቄዶንያን ነው፤ በ2017 ለመቄዶንያ በቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ ስልካችን ላይ ተጥደን ያመሸን ብዙ ነን። እንዲህ ያለው ትንሽ ማዕከል ግን ከቅያሱ ውጭ የሚያውቀው የለም። ጋሼ ታጥበው፣ ፀጉራቸው ተላጭቶ፣ ሰማያዊ ሹራብ ለብሰው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። እሳቸው ግን "ዛሬስ በጣም ዘገየሽ" አሉኝ።

ለማዕከሉ አስተባባሪ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ስጠይቃት ብርድ ልብስ ወይም ዱቄት ትለኛለች ብዬ ነበር። "ኪራይ" አለችኝ። በወር 55,000 ብር። ብርድ ልብስ ሰው ያመጣል። በበዓል በግ ይዞ የሚመጣ አለ። ልደቱን ከአረጋውያን ጋር ለማክበር ኬክ ይዞ፣ ፎቶ አንሺ አስከትሎ የሚመጣ አለ፤ እነሱንም አትከለክልም፣ ቢያንስ ያን ቀን ቤቱ ይደምቃል። "ኪራይ ይዞ የመጣ ሰው ግን አላየሁም፤ ኪራይ ፎቶ አይነሳም" አለችኝ። እኔ ማክሮ ኢኮኖሚክስ ስማር አራት ዓመት የፈጀብኝን ነገር በአንድ አረፍተ ነገር።

ሩጫው የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው። ኪራይ ፎቶ የማይነሳ ከሆነ ፎቶ የሚነሳ ነገር ላይ ልለጥፈው አልኩ።

አልትራማራቶን ማለት ከማራቶን፣ ማለትም ከ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚበልጥ ማንኛውም ሩጫ ነው። 45ም አልትራ ነው፣ 160ም አልትራ ነው። በዓለም አንጋፋው የደቡብ አፍሪካው ኮምሬድስ ነው፤ ከደርባን እስከ ፒተርማሪትዝበርግ (ሌላ ዓመት ደግሞ በተቃራኒው)፣ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1921 እ.ኤ.አ. ቪክ ክላፋም የተባለ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የነበረ ሰው የሞቱ ጓዶቹን ለማሰብ ጀመረው። ሴቶች በይፋ እንዲሮጡ የተፈቀደላቸው በ1975 ነው። ፍራንሲስ ሄይዋርድ የምትባል ሴት ግን በ1923 ምዝገባ ተከልክላ እንኳ ሮጣ ጨርሳዋለች። ይቺን ሴት ካነበብኩ በኋላ ሰበብ ማብዛት አቆምኩ።

በእኛ አገር ይሄ ሁሉ ሯጭ እያለ አልትራ ብዙም የማይወራው ለምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ሽልማቱ ያለው ማራቶን ላይ ነዋ። በዓመት ሁለት ማራቶን ሮጦ ቤት መሥራት የሚችል ሰው 90 ኪሎ ሜትር ምን ያደርግለታል? እኔ ግን ታላቁ ሩጫ ላይ 10 ኪሎ ሜትሩን ከአንድ ሰዓት በላይ የምፈጅ ሰው ነኝ። የሚቀርብኝ ሽልማት የለም። መንገዱን የመረጥኩት በጋሼ ነው፤ ከመስቀል አደባባይ በድሮው መንገድ ተነስቼ ቢሾፍቱ፣ ሆራ ሐይቅ ድረስ። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል "ቁልቁለት ነው፣ ምን ችግር አለው" ብዬ ነበር። ቁልቁለት ጉልበት ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው አሁን እየሳቀብኝ ነው።

እናቴ አልሳቀችም። "ቆይ፣ ሰው ብር የሚሰጠው አንቺ ስለሮጥሽ ነው? ብትሮጪም ባትሮጪም ሰዎቹ እኮ እዚያው ናቸው" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀጥላ ወጪዬን ጠየቀችኝ። ጫማ 11,000፣ ሌላው ሌላው ተደምሮ እስከ ሩጫው ቀን 19,700 ብር ከኪሴ ወጥቷል። "እና እሱን ቀድመሽ ብትሰጪያቸውስ?" ይሄንን ቁጥር ለተከታዮቼ ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ነው የምጽፈው።

ለእናቴ ጥያቄ በትምህርቱ ዓለም መልስ አለ፤ ደስ የሚል መልስ ግን አይደለም። ጄምስ አንድሬዮኒ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1990 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው ሰው የሚሰጠው የተቸገረው እንዲረዳ ብቻ ሳይሆን መስጠቱ ራሱ ውስጡን ስለሚያሞቀው ጭምር ነው። እሺ፣ ይሄስ ይገባል። በ2013 ክሪስቶፈር ኦሊቮላና ኤልዳር ሻፊር ያሳተሙት ጥናት ግን ከዚያ ያልፋል። ለበጎ አድራጎት ሽርሽር ወይም ለበጎ አድራጎት ሩጫ ብር ስጡ ቢባሉ ሰዎች ለሩጫው የበለጠ ለመስጠት ፈቃደኛ ሆነው ተገኙ። ሥቃይና ድካም ያለበት ነገር ልገሳውን ከፍ ያደርገዋል፤ ተመራማሪዎቹ "የሰማዕትነት ውጤት" ብለውታል። የእነሱ ጥናት በዋናነት ራሱ ስለሚደክመው ሰው ነው። የእኔ የዱከም ቪዲዮ ግን የሌላ ሰው ሥቃይ ማየትም እንደሚበቃ የሚያሳይ ይመስለኛል። አንድ ሰው ብቻ የተሳተፈበት ጥናት ስለሆነ ፕሮፌሰሬ አይቀበሉኝም።

ቴሪ ፎክስንም አስቡት። ካንሰር እግሩን ያሳጣው ካናዳዊ ወጣት ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በአንድ ጤነኛና በአንድ ሰው ሠራሽ እግር በየቀኑ ማራቶን የሚያህል ርቀት እየሮጠ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ አሰባሰበ፤ 143 ቀን፣ 5,373 ኪሎ ሜትር፣ ካንሰሩ ሳንባው ገብቶ እስኪያስቆመው ድረስ። በዓመቱ በ22 ዓመቱ ሞተ። በስሙ የሚሮጠው ሩጫ ዛሬም በብዙ አገሮች አለ። ቤቱ ተቀምጦ ለካንሰር ምርምር ብር ስጡ ቢል ኖሮ ማን ይሰማው ነበር?

ወደ ራሴ ልመለስ። ኅዳር ላይ ማሰባሰብ ስጀምር አንድ ትልቅ ስህተት ሠራሁ፤ የራሴን የቴሌብር ቁጥር ለጠፍኩ። ቀላል ስለሆነ ነው፣ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ከስሬ "ለጫማዋ ነው የምታዋጡላት" ብሎ ጻፈ። ከዚያ የጫማዬን ፎቶ አክብቦ ለጠፈው። 300 ሰው ወደደለት። ያን ሌሊት አልቅሻለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ግን እኔም እሱን ብሆን እንደዚያ እንደምል ገባኝ። በሕመምተኛ ፎቶ ስንቴ ተታለናል? የገባውን 14,000 ብር በሙሉ ለማዕከሉ የባንክ ሒሳብ አስተላልፌ ደረሰኙን ለጠፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ብር በቀጥታ ወደ እነሱ እንዲሄድ፣ እኔ ማታ ማታ ድምሩን ብቻ እንድናገር ተስማማን። የማዕከሉን ስም እዚህ የማልጠቅሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይሄ ጽሑፍ ሌላ ማሰባሰቢያ እንዲሆን አልፈልግም።

የሩጫው ቀን። ሌሊት 10፡30 ላይ መስቀል አደባባይ ሁለት ሰው ሸኘኝ። ጓደኛዬ ቪትዟን መብራት አብርታ ከኋላዬ ታዘግማለች። በጎተራ አድርጌ የባቡሩን ሐዲድ ተከትዬ ሳሪስ ስደርስ ከድልድይ ሥር ልጆች ተነሱ። አንዱ፣ 12 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ከጎኔ መሮጥ ጀመረ። ትንፋሹ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ግን ይሮጣል፤ ያውም ከእኔ ቀለል ብሎት።

"ማን እያባረረሽ ነው?"

"ማንም። ለሰው ብር ለመሰብሰብ ነው።"

"ለማን?"

"ጎዳና ለወደቁ ሰዎች።"

ትንሽ ዝም ብሎ ሮጠ። ከዚያ "እኔ ጎዳና ነኝ" አለኝ። "እየሮጥኩም ነው። ስጪኛ!"

እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን የምለው ጠፋኝ። ኪሴ ውስጥ አንዲት ብር አልነበረችም፤ ሁሉ ነገር ስልክ ላይ ነው። ማዕከሉ ደግሞ ሕፃናትን አይቀበልም። የያዝኩትን ቆሎና አንድ ሙዝ ሰጠሁት። ቃሊቲ ድረስ አብሮኝ መጣ፤ በእኔ ሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ተኩል። ከዚያ እጁን አውለብልቦ ተመለሰ። ጓደኛዬ ይሄን አልቀረጸችም፤ ጨለማ ነበር። ብትቀርጸውም አላውቅም፣ የምለጥፈው አይመስለኝም። ስለ እሱ የጻፍኩት ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

አቃቂ ላይ ነጋ። ገላን ድረስ ጥሩ ነበርኩ ማለት ይቻላል፤ ከከባድ መኪናዎቹ ጭስና ክላክስ በስተቀር። ሾፌሮቹ መስኮት ከፍተው "አይዞሽ!" ይላሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ ሌላ ሌላ ነገር ይላል፣ ሴት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። እስከዚያ ድረስ ጓደኛዬ ስድስት ቪዲዮ ለጥፋለች። ፈገግ ብዬ፣ አውራ ጣቴን አንስቼ፣ "20 ኪሎ ሜትር ጨረስኩ!" እያልኩ። ከስድስቱ ቪዲዮ ምንም የሚባል ነገር አልገባም። "ጎበዝ" እና ልብ፣ ልብ፣ ልብ። ከዚያ ዱከም መጣች።

ካስመለስኩ በኋላ የነበረውን 14 ኪሎ ሜትር ሁለት ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፈጀብኝ። አብዛኛውን በእርምጃ ነው የሄድኩት። ጓደኛዬ በየደቂቃው በመስኮት "30,000!"፣ "45,000!" እያለች ትጮሃለች፤ የማዕከሉ አስተባባሪ ከባንክ የሚደርሳትን መልእክት እየላከችላት። ያኔ አንድ ነገር አደረግሁ። ዱከምን እንደወጣን ጉልበቴ ትንሽ ለቀቅ አድርጎኝ ነበር፤ መሮጥ እችል ነበር ማለት ነው፣ ቢያንስ ለተወሰነ ርቀት። ካሜራው ሲነሳ ግን አነከስኩ። ሆን ብዬ? ግማሽ ሆን ብዬ። ሥቃዩ እውነት ነው፤ ቢሆንም ለካሜራው ትንሽ ጨመርኩበት። ይሄን ለጓደኛዬም አልነገርኳትም፤ እዚህ ስታነበው ትሰማለች።

ቀን 6፡10 ላይ ሆራ ደረስኩ። ሰዓቴ 51.3 ኪሎ ሜትር ይላል። የጠበቀኝ ሰው አልነበረም። አምቦ ውሃ ጠጥቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ የጠቆሩ ሁለት ጥፍሮቼን እያየሁ ሐይቁ ዳር ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ ሁሉም ነገር ሲደመር 163,400 ብር ሆነ። የሰጡት ሰዎች 412 ናቸው። አማካዩ 397 ብር ገደማ ነው፤ ግን አማካይ አትመኑ፣ ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ ብቻዋን 25,000 አስገብታለች። መሐል ላይ ያለው ሰው የሰጠው 100 ብር ነው። ገንዘቡ ለሦስት ወር ኪራይ 1,600 ብር ጎደለው። 51 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ጉልበት፣ ሁለት ወር፤ ሦስት ወር አልሞላም። ቤት ውስጥ ይሄን ሳወራ እናቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ 1,600 ብር ቆጥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "እኔ ሳልሮጥ ነው የምሰጠው" አለችኝ።

ለጋሼ ልነግራቸው ሄድኩ።

"ከማን ጋር ነበር የተወዳደርሽው?"

"ብቻዬን።"

"ስንተኛ ወጣሽ?"

"አንደኛም መጨረሻም።"

"ዱከም ላይ ምን በላሽ?"

"አስመለሰኝ እንጂ ምን እበላለሁ።"

"ዱከም ገብቶ ጥሬ ሥጋ ሳይቀምስ የሚያስመልስ ሰው ካንቺ በቀር አላየሁም" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳሉ አሁንም አልለቀቃቸውም።

ከሩጫው በኋላ በአሥረኛው ቀን ለእነዚያው ተከታዮቼ ሌላ ነገር ለጠፍኩ። ቪዲዮ የለው፣ ሩጫ የለው። 163,400 ብሩ የት እንደገባ በዝርዝር ጻፍኩና "ከ412ታችን እያንዳንዳችን በወር 135 ብር ብናዋጣ ኪራዩ ለዘለዓለም ተዘጋ ማለት ነው፤ 50 ብር ብቻ ብትጀምሩም ይበቃል" አልኩ። ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። 37 ሰው ተመዘገበ። በሦስተኛው ወር የቀሩት 22 ናቸው። 1,100 ብር። የቀሩትን 390 ሰዎች ግን መጥፎ ናቸው ብዬ ለማለት አልደፍርም፤ እኔ ራሴ ጋሼን ስንት ወር በዝምታ አልፌያቸዋለሁ፤ ለማውራት ውሻ ነው ያስፈለገኝ።

አሁን ግንቦት ነው። የግንቦት ኪራይ በፋሲካ ከመጣው ተጠራቅሞ ተከፍሏል። የሰኔው ገና ነው። የሰፈሩ ፊዚዮቴራፒስት ለሦስት ወር እንዳልሮጥ ነግሮኛል። ከሥር ግን መልእክቱ አልቆመም፤ "ቀጣዩ አዳማ!"፣ "100 ኪሎ ሜትር ካደረግሽው አለሁ።" ባለፈው ሳምንት አንድ ነጋዴ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ፤ አዳማ ድረስ ከሮጥኩ 50,000 ብር ሊሰጥ። እውነተኛ ሰው ነው፣ አጣርቻለሁ። "ሳልሮጥ ቢሰጡልኝስ?" ብዬ ጻፍኩለት። የሚስቅ ፊት ላከልኝ።

50,000 ማለት የሰኔ ኪራይ ነው፤ እናቴ 5,000ውን ትሞላዋለች።

ቅዳሜ ዕለት ይሄን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ነጋዴውን፣ ጉልበቴን፣ ኪራዩን። ጉልበቴን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው አዩት፤ የመኪና ጎማ እንደሚያይ ሰው።

"ናዝሬት ድረስ በእግር?"

"አዎ።"

"እኔ ብሆን በመኪና ነው የምሄደው" አሉኝ።

ለነጋዴው እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።